ሟሳክ፣ የታርን ወንዝ ዳር ከተማ፦ ስለ አቀማመጧ፣ ስለ ቦይዋና ስለ ገዳሟ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በጋና ክረምት ስንልም የአውሮፓን ነው።

ሟሳክ የት ነው ያለችው? ስሟስ እንዴት ይነበባል?

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ኦክሲታኒ በሚባለው ክልል፣ ታርን-ኤ-ጋሮን በሚባለው አውራጃ ውስጥ ናት። ከቱሉዝ ወደ ሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የአውራጃው ዋና ከተማ ከሆነችው ከሞንቶባን ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ነዋሪዋ 13 ሺህ ቢሆን ነው። ስሟን ፊደል በፊደል የሚያነብ እንግዳ «ሞይሳክ» ይላል። ትኬት ቆራጩ የሚያውቀው ግን «ሟሳክ» ነው፣ «ሟሟ» ስንል እንዳለው «ሟ»።

ወንዟ ታርን ነው ጋሮን?

ታርን ነው። ከተማዋ የቆመችው በታርን ቀኝ ዳርቻ ላይ ነው። ሰው የሚምታታበት አውራጃው የሁለቱንም ወንዞች ስም ስለያዘ፣ በከተማዋ መሐል የሚያልፈውም ቦይ «የጋሮን ካናል» ስለሚባል ነው። ጋሮን ራሱ በከተማዋ አያልፍም። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት ከሟሳክ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ወርዶ፣ ሴን-ኒኮላ-ደ-ላ-ግራቭ ከሚባለው መንደር አጠገብ ነው።

የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ጋሮን ከፒሬኔ ተራሮች፣ ከስፔን በኩል ይነሣል። ታርን ደግሞ ከምሥራቅ፣ ከሴቬን ተራሮች ከሞን ሎዜር ተነሥቶ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሴቬን ላይ ከሜድትራንያን የመጣ ዝናብ ሲወርድ፣ ሟሳክ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የከተማዋ ሰው ሰማዩን ብቻ አይቶ የማያምነው ለዚህ ነው።

ዛሬ በከተማዋ ፊት ታርን ሰፊና እንደ ሐይቅ የረጋ ሆኖ ይታያል። ይህ ተፈጥሮው አይደለም። ከመጋጠሚያው ወደ ታች ማሎዝ ላይ፣ ለጎልፌሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው ግድብ ውሃውን ወደ ኋላ ስለሚይዘው ነው። በመጋጠሚያው ላይም 400 ሄክታር የሚሆን የተኛ ውሃ ፈጥሯል፤ የውሃ ወፍ ማየት የሚወድ ሰው እዚያ ነው መሄድ ያለበት።

መጋጠሚያውን ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ከሟሳክ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቡዱ የሚባል የኮረብታ መንደር አለ። ከዚያ ሜዳው፣ ሁለቱ ወንዞችና ረጋ ያለው ውሃ አንድ ላይ ይታያሉ። በስተ ምዕራብ ሁለት ግዙፍ ማማዎች እንፋሎት ሲተፉ ካዩ የጎልፌሽ ኑክሌር ማመንጫ ማቀዝቀዣዎች ናቸው። እንደ ምልክት ያገለግላሉ፤ ከየትኛውም ከፍታ ላይ ሆነው ምዕራብን ያሳዩዎታል።

ከተማዋ ውስጥ አቅጣጫ እንዴት ልያዝ?

ከሰሜን ወደ ደቡብ በቅደም ተከተል ይያዙት፦ ኮረብታ፣ የባቡር ሀዲድ፣ ገዳም፣ አሮጌው ከተማ፣ ቦይ፣ ከዚያ ወንዝ። ይህ ሁሉ ጠባብ መሬት ላይ ነው የተጨናነቀው። ከኮረብታው እስከ ታርን በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንገድ ከጠፋብዎ ቁልቁለቱን ተከትለው ይውረዱ፤ ቦዩ ላይ መውደቅዎ አይቀርም።

ከሰሜን ያለው ኮረብታ የኬርሲ ደጋማ አገር ጫፍ ነው፤ ወይኑ የሚተከለው እዚያ ተዳፋት ላይ ነው። ከደቡብ ያለው ወንዝ ያመጣው ደለል ሜዳ ሲሆን የፖምና የሌላ ፍራፍሬ እርሻ ሞልቶበታል። ለመንገድ፣ ለሀዲድም ሆነ ለቦይ ምቹ የሆነው በሁለቱ መካከል ያለው ይህ ቀጭን መሬት ብቻ ነው። የከተማዋ ጥቅምም ጣጣም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ባቡሩ ገዳሙን አፈረሰው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። የቦርዶ–ሴት የባቡር መስመር በ1850ዎቹ ሲዘረጋ ሌላ ማለፊያ ስላልነበረ መሐንዲሶቹ በገዳሙ ይዞታ ውስጥ ቆርጠው ገቡ፤ የመነኮሳቱ የመመገቢያ አዳራሽም ፈረሰ። ዓምደኛው ግቢ ግን ተረፈ። በ1840 በወጣው የፈረንሳይ የመጀመሪያው የቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገዳሙ ተመዝግቦ ስለነበር የሚከራከርለት አላጣም። ዛሬ ግቢው ውስጥ ጸጥ ብለው ቆመው ሳሉ ከግድግዳው ጀርባ ባቡር ሲያልፍ ይሰማዎታል፤ ብዙ ጎብኚ ይደነግጣል።

የገዳሙ ደጃፍ ይህን ያህል የሚወራለት ለምንድን ነው? ምኑን ልመልከት?

የሴን-ፒየር (የቅዱስ ጴጥሮስ) ቤተ ክርስቲያን ደቡባዊ ደጃፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት የተቀረጸ ነው። ከበሩ በላይ ያለው ግማሽ ክብ ድንጋይ የዮሐንስን ራእይ ምዕራፍ 4 ያሳያል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መሐል ላይ ዘውድ ደፍቶ የተቀመጠው ክርስቶስ ነው፤ በዙሪያው አርባዕቱ እንስሳ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ረጃጅም መላእክት አሉ። የተቀረውን ቦታ የሞሉት በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 24 ቀን የምናስባቸው 24ቱ ካህናተ ሰማይ ናቸው።

ቆጥረው ያረጋግጡ፦ ከላይ በየጎኑ 2፣ ከመሐል በየጎኑ 3፣ ከታች በአንድ ረድፍ 14። ሃያ አራት ይሞላል። አሁን እጃቸውን ይመልከቱ። በእኛ ሥዕሎች ካህናተ ሰማይ ጽና ይዘው ያጥናሉ፤ እዚህ የያዙት ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያና ጽዋ ነው። መነሻው በራእይ 5፥8 ላይ ያለው በገናና ዕጣን የሞላበት የወርቅ ዕቃ ነው፤ አንዱን ጥቅስ እኛ በጽናው፣ እነሱ በጽዋው በኩል ወስደውታል። በረድፎቹ መካከል እንደ ጥለት የሚወዛወዘው መስመር ጌጥ እንዳይመስልዎ፤ በዙፋኑ ፊት ያለው የብርጭቆ ባሕር ነው። የሁሉንም አንገት ደግሞ ያስተውሉ። እያንዳንዱ በየራሱ አኳኋን ተጠምዝዞ ወደ መሐል ያንጋጥጣል፤ ከታችኛው ረድፍ ጥግ ያሉት አንገታቸው ሊቀጭ የደረሰ ይመስላል።

ከዚያ ዓይንዎን ዝቅ ያድርጉ። በሩን ለሁለት የሚከፍለው መሐለኛ ዓምድ ፊት ለፊቱ ተጠላልፈው የቆሙ አንበሶች ናቸው። አብዛኛው ሰው እሱን ፎቶ አንስቶ ይገባል፤ የሚያመልጠው ግን የዓምዱ ጎን ነው። በቀኝ ጎኑ ረጅም ጢም ያለው፣ እግሩን አጣምሮ አንገቱን ያዘነበለ ሽማግሌ አለ፤ ነቢዩ ኤርምያስ ነው። በግራው ጎን ጳውሎስ ነው። በበሩ መቃን ላይ ደግሞ በግራ ጴጥሮስ ቁልፉን ይዞ፣ በቀኝ ኢሳይያስ ቆመዋል። ኤርምያስን ለማየት በሩ ውስጥ ገብቶ ወደ ጎን መዞር ያስፈልጋል። ከፊት ሆነው አያገኙትም።

የደጃፉ የግራና የቀኝ ግድግዳዎችስ?

ቀኙ ከታች ወደ ላይ፣ ግራው ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፤ አቅጣጫውን ያቀያየረ ታሪኩ ይዘበራረቅበታል። ቀኝ፦ ከታች ብሥራትና ማርያም ከኤልሳቤጥ ጋር ስትገናኝ፣ ከፍ ሲል ሰብአ ሰገል፣ ከሁሉም በላይ ወደ ቤተ መቅደስ መግባትና የግብፅ ስደት። ስደቱን ተከትለው በግብፅ ከተማ ጣዖታቱ ሲወድቁ ይታያሉ። ግራ፦ የሀብታሙና የአልዓዛር ምሳሌ ነው። አናት ላይ ሀብታሙ ከማዕድ ተቀምጦ፣ አልዓዛር ደጅ ወድቆ ውሾች ቁስሉን ይልሱታል፤ ቀጥሎም በአብርሃም እቅፍ ነው። ከሥር ሀብታሙ ሲሞት፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ስስትና ዝሙት ሲቀጡ። ይህኛው ጎን ድንጋዩ በጣም ተበልቷል፤ ዝርዝሩን ለማየት ታገሡ።

«ክልዋትር» የሚሉት ምንድን ነው? መግቢያውስ?

ክልዋትር ማለት መነኮሳት የሚመላለሱበት፣ አራት ማዕዘን፣ በዓምድ የታጠረና ጣሪያ ያለው መተላለፊያ የሚከበው የገዳም ውስጠኛ ግቢ ነው። በአገራችን ገዳማት እንዲህ ያለ ሥራ ስለሌለ የአማርኛ ስም አላገኘም። በሟሳክ ያለው ከታወቁት ሁሉ የሚለይበት ነገር የልደት ቀኑን ይዞ መገኘቱ ነው። በምዕራብ መተላለፊያው መሐለኛ ምሰሶ ላይ በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍ ግቢው በ1100 ዓ.ም. በአበምኔት አንስኪቲል ዘመን መሠራቱን ይናገራል። ለዚያ ዘመን ሥራ እንዲህ ያለ ማስረጃ ብርቅ ስለሆነ፣ የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የሌሎችን ግቢዎች ዕድሜ ሲገምቱ ከዚህኛው ጋር ያመሳክራሉ።

የዓምዶቹ ራሶች 76 ናቸው፤ ከነሱም 46ቱ ታሪክ ይናገራሉ፦ ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ፣ ሦስቱ ሕፃናት በእሳቱ እቶን፣ ዳዊትና ጎልያድ፣ የቃና ሠርግ፣ የእስጢፋኖስ መወገር፣ ሌሎችም። የቀሩት ቅጠል፣ አውሬና ወፍ ናቸው። ዓምዶቹ አንድ ነጠላ፣ አንድ ጥንድ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። እያንዳንዱ ራስ አራት ፊት አለው፤ ታሪኩም ዙሪያውን ይሄዳል። ከመተላለፊያው በኩል ብቻ አይቶ ማለፍ ሩቡን አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት ነው። በማዕዘን ምሰሶዎች ላይ ከሰው የማያንሱ ሐዋርያት ተቀርጸዋል። በምሥራቅ መተላለፊያ መሐለኛ ምሰሶ ላይ ያለው ግን ሐዋርያ አይደለም፤ ሟሳክ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከክሉኒ ገዳም ጋር ስትቀላቀል አበምኔት የሆነው ዱራን ነው።

ቅስቶቹ ሾጠጥ ያሉት ለምንድን ነው የሚለውም ይጠየቃል። ቅስቶቹ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲታደሱ የ1100ዎቹ ራሶች እንደገና ሥራ ላይ ስለዋሉ ነው። የላዩ ከሥሩ በአንድ ክፍለ ዘመን ከመንፈቅ ያንሳል።

ደጃፉንና ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት አይከፈልም። ወደ ክልዋትሩ ለመግባት ግን ትኬት ያስፈልጋል፤ የሚገባውም በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አይደለም፤ ከአጠገቡ ባለው የቱሪዝም ቢሮ በኩል ነው። የመክፈቻ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በክረምት ወራት ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሆናል ብለው አይድረሱ፤ ዋዜማውን ደውለው ያረጋግጡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጡብ የሆነው ለምን?

የታችኛው ክፍል የ11ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የላዩ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ የአካባቢው ርካሽ ዕቃ ጡብ ነበር፤ ቱሉዝም ሞንቶባንም ቀይ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ውስጡ ሲገቡ ቀለም የተቀባውን የግብፅ ስደት የእንጨት ቅርጽ ሳያዩ አይውጡ።

ገዳሙን የመሠረተው የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስ ነው?

አፈ ታሪኩ እንደዚያ ይላል። ንጉሡ በጦርነት ለሞቱበት አንድ ሺህ ሰዎች የአንድ ሺህ መነኮሳት ገዳም ሊሠራ ተስሎ ጦሩን ቢወረውር ረግረግ ላይ አረፈ ይባላል። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን መሥራቹን በ7ኛው ክፍለ ዘመን የካኦር ጳጳስ ከነበረው ከዲዲየ ጋር ያያይዙታል። የሆነ ሆኖ ተረቱ ስለ መሬቱ አልዋሸም። እዚህ ቦታ መሠረት የሚቆፍር ሁሉ ውሃ ያገኛል።

የ1930ው ጎርፍ ምን ነበር?

የሟሳክ ታሪክ ከጎርፉ በፊትና ከጎርፉ በኋላ ተብሎ ይከፈላል። ዝናባማ ክረምት ካለፈ በኋላ መሬቱ ጠጥቶ ጠግቦ ሳለ፣ በየካቲት መጨረሻ በሴቬንና በአካባቢው ተራሮች ላይ ለብ ያለ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ በረዶውንም አቀለጠው። የላዩ ተፋሰስ ውሃ ሁሉ በታርን መጣ። መጋቢት 3 ቀን 1930 ሟሳክ ደረሰ።

ጉዳቱን ያባባሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሀዲዱ የቆመበት የአፈር ክምር ነው። ለጥቂት ጊዜ እንደ ግድብ ሆኖ ውሃውን ያዘ፤ ሲናድ ግን የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ዝቅተኛዎቹ ሰፈሮች ላይ ወረደ። ሁለተኛው የቤቶቹ ግድግዳ ነው። የድሆቹ ቤት ያልተተኮሰ የጭቃ ጡብ ስለነበር ውሃው መግፋት አላስፈለገውም፤ ከሥር እያሟሟ ጣሪያውን በሰዎቹ ላይ ጣለው። በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሟሳክ ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተባት። ፕሬዚዳንት ጋስቶን ዱሜርግ መጥተው የደረሰውን አዩ።

ዛሬ በከተማዋ የታችኛው ክፍል ስትሄዱ የ1930ዎቹ ቅርጽ ያላቸው ቤቶች በብዛት የምታዩት ከጎርፉ በኋላ ስለተሠሩ ነው። ገዳሙ በአንጻሩ ወደ ኮረብታው ጠጋ ያለና ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው።

በወንዝ ላይ የሚያልፍ ቦይ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ካኮር የውሃ ድልድይ ይባላል፤ ከመሐል ከተማ ወደ ምሥራቅ በቦዩ ዳር ሲሄዱ ያገኙታል። 356 ሜትር የሚረዝም የድንጋይና የጡብ ድልድይ ነው። የሚያሻግረው ግን መኪና ሳይሆን ውሃ ነው፤ ጀልባ በታርን ላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። የጋሮን ካናል ከ1838 እስከ 1856 የተቆፈረ፣ ከቱሉዝ እስከ ካስቴ-ኦን-ዶርት 193 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቦይ ነው፤ ከካናል ዱ ሚዲ ጋር ሆኖ ሜድትራንያንን ከአትላንቲክ ያገናኛል። ወንዝ ሲያጋጥመው በደረጃ ወርዶ እንደገና ከመውጣት ይልቅ በላዩ መሻገሩ ቀለለ። የቦይ ውሃ ከወንዝ ከተቀላቀለ ደለልና ጎርፍ ይወርሰዋልና።

በ1930 አጠገቡ ያለውን የባቡር ድልድይ ጎርፉ ሲወስደው ይህ ቆመ። ውፍረቱን ከሥር ሆነው ሲያዩት አይገርምም።

ድልድዩ ላይ ለሁለት ጀልባ የሚበቃ ስፋት የለም፤ ከወዲያ የሚመጣ ካለ ወዲህ ያለው ይጠብቃል። በጎኑ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ። ፎቶ ለማንሳት ከላይ ሳይሆን ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ ቅስቶቹን ከጎን ማየት ይሻላል።

መሐል ከተማ ያለው ድልድይ ሲዘጋ ምን ሆኖ ነው?

ፖን ሴን-ዣክ ነው፤ ዘዋሪ ድልድይ ነው። ጀልባ ሲመጣ ሙሉ አካሉ በአንድ ጫፉ ተሽከርክሮ መንገዱን ይዘጋና ቦዩን ይከፍታል። ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ባቡር ሊያመልጠው የተቃረበ ሰው ግን በሌላው ድልድይ ይዙር።

ከዚያው አቅራቢያ ከቦዩ ወደ ታርን የሚያወርድ ሁለት ደረጃ ያለው የውሃ በር አለ። ጀልባው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲወርድ ዳር ቆሞ ማየት ለልጆች ከገዳሙ ይልቅ ይጥማቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ አዋቂም።

የሟሳክ ወይን ፍሬ ከሌላው በምን ይለያል?

ሻስላ ይባላል። ለመጠጥ ሳይሆን ለመብላት የሚለማ፣ ፍሬው አነስ ያለ፣ ሲበስል ወርቃማ የሚሆን ወይን ነው። በ1971 የቦታ ስም ጥበቃ ያገኘ ሲሆን፣ ለትኩስ ፍራፍሬ እንዲህ ያለ ጥበቃ ሲሰጥ በፈረንሳይ የመጀመሪያው ነው። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ገበያ ላይ ይገኛል።

ውድ የሚያደርገው የእጅ ሥራው ነው። ዘለላዎቹ እኩል ስለማይበስሉ ለቃሚው በአንዱ ማሳ ደጋግሞ ይመላለሳል። ከተለቀመ በኋላ ዘለላውን በእጀታው ይዘው ጫፉ ሹል በሆነ መቀስ የተሰነጠቀውን፣ ያልበሰለውንና የተጎዳውን ፍሬ አንድ በአንድ ያወጣሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ፍሬውን በጣት መንካት አይፈቀድም። በላዩ ያለው ነጭ ብናኝ ይለቃልና።

ያን ብናኝ «መድኃኒት ነው» ብለው የሚሸሹ ሰዎች አሉ። መድኃኒት አይደለም፤ ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ሰም ነው፤ ብዙ ሳይነካካ መምጣቱን ያሳያል። ሲገዙ እጀታው አረንጓዴ የሆነውን ይምረጡ፤ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ሰንብቷል። ቤት ሲገባ አይታጠብ፤ የሚበሉትን ያህል ብቻ በሚበሉበት ሰዓት ያጥቡ። እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ በሁለት ቀን ውስጥ ይሻግታል። ገበያው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ፕላስ ዴ ሬኮሌ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የመጣ ባዶ አደባባይ ነው የሚያገኘው።

በወንዙ ዳር፣ ወፍጮ ቤት ከነበረው ሆቴል አካባቢ ያለው ኪዮስክ ኡቫርዮም ይባላል፤ እሱም የዚሁ ወይን ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ «የወይን ጭማቂ ሕክምና» ሞገስ ባገኘበት ጊዜ ሰው እየመጣ ጭማቂ የሚጠጣበት ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ የሕፃናቱ ቤት የሚባለው የቱ ነው?

ኬ ዱ ፖር በሚባለው መንገድ፣ በቁጥር 18። የአይሁድ ስካውቶች ማኅበር በታኅሣሥ 1939 የከፈተው ሲሆን የመሩት ሻታና ቡሊ ሲሞን የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ አይሁዳውያን ልጆች እዚያ ኖረዋል። በ1943 አደጋው ሲቀርብ ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ በሐሰት ስምና ወረቀት በየቤተሰቡና በየትምህርት ቤቱ ተበተኑ፤ እጅግ ብዙዎቹም ተረፉ። በከተማዋ ያለው ሰው እያወቀ አፉን ባይዘጋ ይህ አይሆንም ነበር።

እንዴት ልድረስ?

ከቱሉዝ ማታቢዮ ጣቢያ በክልሉ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንዳንዱ ባቡር ቀጥታ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሞንቶባን ላይ ያስለውጣል፤ ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። ፈጣኑ ባቡር ሟሳክ አይቆምም።

ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል የሚመጣ ሰው፦ የደቡብ ምዕራቡ ፈጣን ባቡር በብዛት የሚነሣው ከሞንፓርናስ ጣቢያ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው የከተማው ሌላ ጥግ ነው። ሻንጣ ጥበቃንና ከተማ ማቋረጥን ጨምሮ ከማረፊያ እስከ ባቡር ቢያንስ 3 ሰዓት ይተዉ። በቦርዶ በኩል እስከ ሞንቶባን 4 ሰዓት ገደማ፤ ከዚያ በክልሉ ባቡር ሟሳክ። ጣቢያው ከገዳሙ በስተ ምዕራብ ነው፤ በእግር 10 ደቂቃ።

በብስክሌት ወይም በእግርስ?

የቦዩ ዳር መንገድ አስፋልት ነው፤ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ከቱሉዝ እስከ ሟሳክ ለለመደ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ነው። በመንገድ ላይ ሞንቴሽ ጋ የሚያገኙት ግዙፍ ማሽን፣ በ1974 ሥራ የጀመረው «የውሃ ተዳፋት» ነው፤ ጀልባውን ከነውሃው ገፍቶ ዳገት ያወጣ ነበር፤ ከ2009 ወዲህ ቆሟል። ሰው የሚሳሳተው በውሃ ነው፦ ጥላው ስለሚያታልል በቂ ሳይዝ ይወጣል፤ በመንደሮች መካከል ደግሞ ሱቅ የለም።

በእግር የሚመጡት ከለ ፒዊ ተነሥተው በስፔን ወዳለችው ወደ ሳንቲያጎ ለመሳለም የሚሄዱ ምዕመናን ናቸው፤ መንገዱ ጂ.ኤር. 65 ይባላል፤ ምልክቱ ነጭና ቀይ ሰረዝ ነው። ከሟሳክ ቀጣዩ ማደሪያ ኦቪላር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው በቦዩ ዳር። በግንቦትና በመስከረም ማደሪያ ስለሚሞላ ከሁለት ቀን በፊት ይደውሉ።

ስንት ሰዓት ይበቃኛል? መቼ ልምጣ?

በሁለት ባቡሮች መካከል ሁለት ሰዓት መድቦ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ደጃፉን ያያል፣ ክልዋትሩን ይዞራል፣ ወንዙን ሳያይ ይመለሳል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይስጧት። ጠዋት ክልዋትሩ፣ ሰዎች ሳይበዙ። እኩለ ቀን ላይ ደጃፉ። ከሰዓት በቦዩ ዳር እስከ ካኮር ሄዶ መመለስ። ሲመሽ የታርን ዳርቻና ናፖሊዮን በ1808 እንዲሠራ ያዘዘው ድልድይ።

ስለ ደጃፉ ብርሃን አንድ ነገር፦ ወደ ደቡብ ቢያይም ከፊቱ ጥልቅ ቅስት አለበት። በበጋ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ራእዩ ያለበት ድንጋይ ጥላ ውስጥ ይገባል። በመኸርና በክረምት ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው ብርሃኑ ገብቶ ቅርጹን የሚያወጣው። ሙቀቱም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴ ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ለእኛ ምርጫ መስከረም አጋማሽ ነው፤ ወይኑም ደርሷል። ኦታን የሚባለው ደረቅ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ከተነሣ ብቻ ብስክሌቱን ለነገ ያቆዩት፤ ወደ ቱሉዝ አቅጣጫ ፊት ለፊት ነው የሚመታው።

ታርን ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

ከተማዋ ጋ አይዋኙ። የረጋ ይመስላል እንጂ የጀልባ መንገድ ነው፤ ጥልቀቱም ከዳር ሲርቁ በድንገት ይጨምራል። ልጆች ይዞ የመጣ ሰው ሴን-ኒኮላ-ደ-ላ-ግራቭ ወዳለው መዝናኛ ይሂድ፤ እዚያ ለዋና የተለየ ቦታ አለ፤ በበጋም ጠባቂ ይመደብበታል።